ከ«መ» በላይ ያለችው ነጥብ

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ችሎት ውስጥ ስትቀመጥ አንዲት ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የችሎት ጸሐፊ ሥራዋ የሰው ቃል መልቀም ነው። ዳኛው ይጠይቃሉ፣ ምስክሩ ይመልሳል፣ ጠበቃው ይቃወማል፣ እሷ ትጽፋለች። ሲያስላት እንኳ አፏን በመሐረብ አፍና ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ «እትዬ ጣት» ነው የሚላት። አፍ የላትም፣ ጣት ብቻ ናት ለማለት ነው። እሷም አትከፋም ነበር። ሰው ተናግሮ የሚገባበትን ጣጣ ሁሉ ቁጭ ብላ ስለምትጽፍ፣ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከማንም በላይ ታውቃለች።

ጣቶቿ ግን ዕረፍት አያውቁም። አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቷ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ላይ፣ ወጥ እስኪሞቅ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው የተናገረውን ሁሉ ይተይባሉ። ጎረቤቷ አንድ ቀን «አንቺ ሴት፣ የተናገርኩትን ሁሉ ልትከሺኝበት ነው እንዴ?» ብላታለች።

ማክሰኞ ጠዋት እነዚያ ጣቶች ቆሙ።

ተከሳሹ የመጋዘን ጫኝ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ የግራ እጁ አንጓ ተሰብሮ ተጣምሞ የገጠመ። ክሱ የመጋዘኑን ኃላፊ በጣውላ መትቶ አንድ ዓይኑን አጥፍቷል ይላል። እሱ የሚለው ሌላ ነው፤ የኃላፊው ሁለት ሰዎች ይዘው ሲደበድቡት የአንደኛው ጣውላ ስቶ ኃላፊውን አገኘው። ሁለቱ ሰዎች ቀርበው በጫኙ ላይ መሰከሩ፤ ታዲያ በራሳቸው ላይ ይመስክሩ? ከማንም ያልወገነ ምስክር አንድ ብቻ ነበር፣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የሚሠሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ። እሳቸው ቃላቸውን ሰጥተው በሁለተኛው ወር ሞቱ። ቃላቸውን የሰሙት ዳኛ ለትምህርት ባሕር ማዶ ሄዱ። አዲሱ ዳኛ በእጃቸው ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ያን ወረቀት አንሥቶ አነበበ። «ከመስኮቴ ቆሜ ጫኙ ሲመታ አየሁ፤ ደንግጬ መስኮቱን ዘጋሁ።» «ሲመታ» የምትለዋን ላላ አድርጎ ነው ያነበባት፤ ጣውላው በጫኙ እጅ እንዳለ።

ጫኙ ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት! ሽማግሌው ‹ሲመታ› ነው ያሉት እንጂ ‹ሲመታ› አላሉም!»

የመጀመሪያውን አጥብቆ፣ ሁለተኛውን አላልቶ ነው የተናገረው። ጆሮ ያለው ሁሉ ለይቶ ሰምቶታል። የእትዬ ጣት ጣቶች እንደ ልማዳቸው የተባለውን ጻፉ፤ ከዚያ እሷ ቀና ብላ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የጻፈችውን አየች። ‹ሲመታ› ነው ያሉት እንጂ ‹ሲመታ› አላሉም። ያበደ ሰው ንግግር ይመስላል።

ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ይዘን የሚጠብቀውን ከሚላላው የምንለይበት አንድ ምልክት የለንም፤ ይኼ የእኛ ነገር ነው። «መ»ን አጥብቀው ካነበቡት በትሩ ጫኙ ላይ እየወረደ ነው። አላልተው ካነበቡት በትሩን የሚያወርደው ጫኙ ነው። በአፍ ሁለት ቃል ነው፤ በወረቀት አንድ። ጫኙን ስምንት ዓመት የሚያሳስረው በዚህ መካከል ያለው ነገር ነው።

«ተከሳሽ የሚጠቅመውን ማጥበቁ ያለ ነው» አለ ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ ብሎ። መንግሥት ለጫኙ ያቆመለት ጠበቃ ሌላ መዝገብ እያገላበጠ ነበር፤ ቀና አላለም። ዳኛው ጫኙን አስቀመጡትና ለፍርድ በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ቀጠሩ። እትዬ ጣት ቀጠሮውን ሳትጽፈው ቀረች። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ሬጅስትራሩ፣ ራሱ ሞላው።

እሷ ታውቃለቻ! ሽማግሌው ምን እንዳሉ በሕይወት ካሉት ሰዎች ሁሉ አስረግጣ የምታውቀው እሷ ናት። እሳቸው በመሰከሩበት ቀን መብራት ጠፍቶ፣ መቅረጫውም ኮምፒውተሩም ድርግም ብሎ፣ ቃላቸውን በእርሳስ ነበር የጻፈችው። ልብስ ሰፊው «ሲመታ» ሲሉ ከንፈራቸው ገጥሞ ቆይቶ ነው የተከፈተው። እርሳሷን አነሣች፤ ይኼ ቃል ሁለት መንገድ አለው ብላ አሰበች። አፏን ከፍታ «ይብራራ» ልትል ምንም አልቀራትም። የያኔው ዳኛ ወደ እሷ ዞረው «ቀጥዪ» አሏት። ከ«መ» አናት ላይ አንዲት ነጥብ ጣለችና ቀጠለች። መብራቱ ሲመጣ ቃሉን በኮምፒውተር ገለበጠችው፤ ኮምፒውተሩ ነጥብ አያውቅም። ስትገለብጠው በልቧ አጥብቃ ስላነበበችው ምንም የጎደለ አልመሰላትም። ለጻፈው ሰው ሁልጊዜ ግልጽ ነው። ሽማግሌው ደግሞ መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር ሳያነቡ ፈረሙ።

ነጥቧን የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ በጉልበታቸው ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አንባቢ ነበሩ፤ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ ሳያኖሩ ሕዝብ ፊት ቆመው አያነቡም። ሰባት ዓመቷ ሳለ አጠገባቸው አስቀምጠው ሲያስነብቧት «እግዚአብሔር ይሰማል» የሚል ላይ ደረሰችና አጥብቃ አነበበችው።

«ድምፁ ነው እንዴ የሚሰማው?» አሉ አባቷ እየሳቁ። «የእሱ ድምፅማ ለእኛ ቶሎ አይሰማንም። አላይው ልጄ፤ አድማጩ እሱ ነው።»

በትክክል ስታነብ ግን ማሞገስ አያውቁም። «ቀጥዪ» ብቻ ነው የሚሉት።

ማክሰኞ ከሰዓት ሬጅስትራሩ ቢሮ ገባች። ሬጅስትራሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ በሩን እንድትዘጋው በእጁ ጠቆማት።

«ጋሼ፣ የልብስ ሰፊው ቃል ተሳስቶ ተነበበ።»

«የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የተነበበው ምንድን ነው?»

«የጻፍኩት ነው።»

«ታዲያ ምኑ ተሳሳተ?»

«የሰማሁት እሱን አይደለም።»

«እትዬ ጣት፣ የሰማሽውን ማን ጠየቀሽ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።»

«ጫኙ እኮ እስር ቤት ሊወርስ ነው፣ ጋሼ።»

ሬጅስትራሩ ክፉ ሰው አይደለም። ፈሪ ነው እንጂ፤ ፍርሃቱንም ጥንቃቄ ብሎ ስለሚጠራው በሰላም ያድራል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሃያ ስድስት ዓመት የጻፍሽው ሁሉ እንደገና ይፈተሽ ቢባልስ? ስንት ፍርድ በአንቺ ጣት ላይ እንደ ቆመ ታውቂያለሽ? ደግሞስ ማስረጃሽ ምንድን ነው?»

«የእርሳስ ጽሑፌ አለ። ነጥብ አድርጌበታለሁ።»

«የእርሳስ ጽሑፍ መዝገብ ቤት ገብቶ ይወገዳል። ያንቺው የት ነው ያለው?»

የቤቷን ቁልፍ በጣቶቿ መካከል አዟዟረች።

«በቃ፣ አልሰማሁም» አለ ሬጅስትራሩ ሁለት እጁን አንሥቶ። «የችሎት ወረቀት ቤት ይዞ መሄድ ከሥራ ያስባርራል። የምትኖሪበት ቤት የመሥሪያ ቤቱ ነው። እኚያን አዛውንት አባትሽን የት ልታደርጊያቸው ነው? ሆድ ይፍጀው፣ እህቴ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«እስኪጠራ ድረስ ጫኙ የት ያድራል?»

መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

የእርሳስ ጽሑፉ ያለበት ደብተር ቤት የሄደው በክፋት አይደለም። አባቷ ጆሯቸው ከተዘጋ አምስት ዓመት ሆኗል፤ የምትነግራቸውን ሁሉ ጽፋ ነው የምታሳያቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር በእርሳስ የምትጽፍባቸው የችሎት ደብተሮች የየገጻቸው ጀርባ ባዶ ነው። ባዶ ወረቀት ከሚጣል ብላ አንድ ሁለት እያለች ስትወስድ አሥራ አንድ ደርሰው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው ጥፋት ቢኖር ይኼው ነው፤ ይኼውም ለአባቷ «ወጡ ጨው በዛበት?» ለማለት።

ማክሰኞ ማታ አሥሩን ደብተር አገኘች። አሥራ አንደኛው የለም። ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ ፍራሽ ገለበጠች፣ መሳቢያ ዘረገፈች፣ ከአባቷ መድኃኒቶች ጀርባ ፈለገች። ሐሙስ ምሳዋን ትታ እየሮጠች መጥታ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳ አራቀች። አባቷ ከአልጋቸው ሆነው «ምን ጠፋሽ?» ይላሉ በዚያ የደንቆሮ ጩኸታቸው፤ በእጇ «ምንም» ትላቸዋለች። መቼም የሰው ልብ ጉድ ነው፤ እየፈለገች ሳለች ባይገኝ ብላ ተመኘች። ባይገኝ ማስረጃ የለኝም ብላ ትቀመጣለች፤ እግዜርም ያውቅላታል።

ተገኘ። አባቷ የሚንገዳገደውን የራስጌ ጠረጴዛቸውን ሊያረጉበት ከአጭሩ እግር ሥር ሸጉጠውት ኖሯል። ቆማ ገለጠችው። የጽሑፉ ጠርዝ ደብዝዟል፤ «ሲመታ» ግን ትነበባለች፣ ነጥቧም ከ«መ» አናት ላይ አለች። ዝንብ የጣለችው ታህላለች። ለዚች ነው ስምንት ዓመት።

ዓርብ ላጲስ አነሣች። ይኼን መደበቅ አያስፈልግም፤ አንሥታለች። አንድ ጊዜ ፈግፈግ ብታደርገው ነገሩ አለቀ፤ ቤቱም አለ፣ ሥራውም አለ፣ አባቷም የለመዱት ክፍል ውስጥ አሉ። ላጲሱ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ማክሰኞ ችሎት ያየችው ያ የተጣመመ የጫኙ አንጓ ትዝ አላት። በትር የሚያወርድ ሰው አንጓው እንዲህ ይሰበራል? በትር የሚወርድበት ሰው ነው ፊቱን ለመሸፈን እጁን የሚያነሣው። ላጲሱን በመስኮት ወረወረችው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ወርዳ ለቅማ አመጣችው፤ ይህን ያህል ነበር ያልተረጋጋችው። ስትቀመጥ ትነሣለች፣ ስትነሣ ትቀመጣለች። ሻይ አፍልታ ውኃውን ያለ ሻይ ቅጠል ጠጣችው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ አግዳሚ ተቀመጠች። ጌታ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የደረሰበት መከራ ተነበበ። አንባቢው ጎበዝ ነው፤ «ሲመታ» ላይ ሲደርስ እንደሚገባ አጠበቀው። አግዳሚው ላይ ጣቶቿ ያችኑ ቃል ጻፉ። ያችው ናት፤ ፊደሏ አንድ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ አላልቶ ቢያነበው በጥፊ የተመታውን ጌታ መቺ ያደርገዋል፣ ወረቀቱም አይከራከረውም። 

እስከ ዛሬ ዝምታዋን በእሱ ነበር የምታስደግፈው። ጌታም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ፤ እንዲህ ነበር የምትለው። አሁን ግን ደንግጣ ተቀመጠች። እሱ ዝም ያለው ጥፊው በራሱ ፊት ላይ ሲያርፍ ነው። በሌላ ሰው ላይ ድንጋይ ሲነሣ መቼ ዝም አለ? የራስን ዱላ ችሎ ዝም ማለት አንድ ነው፤ የሰው ዱላ እያዩ ዝም ማለት ሌላ። እሷ ሁለቱን በአንድ ፊደል ስትጽፍ ኖራለች። አፈረች፤ አልቅሳም አልወጣላት። ምዕመኑ ሲበተን የመጨረሻዋ ሆና ወጣች።

ረቡዕ ጠዋት በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ጀርባ «ዛሬ እዘገያለሁ፤ አይጨነቁ» ብላ ለአባቷ አሳየቻቸውና ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ችሎቱ ሞልቷል። የጫኙ ሚስት የፊተኛው አግዳሚ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ የሚሄድ አውቶቡስ እንደምትጠብቅ። ዳኛው ፍርዱን ማንበብ ጀመሩ። «ፍርድ ቤቱ የሰው ምስክሮችን ቃል መርምሮ፣ በተለይም ገለልተኛ የሆኑትን የልብስ ሰፊውን ቃል…» እትዬ ጣት እስከዚህ ጻፈች። ከዚያ ሁለት እጇን ከፊደላቱ ላይ አነሣች። ያ ሰው ሁሉ የለመደው ኮሽታ ሲቆም ዳኛው ቀና አሉ።

«ምን ሆነ? መብራት ጠፋ እንዴ?»

ተነሣች። ወንበሯ ወለሉን ፋቀው። አምላኬ፣ አንተ አድማጭ ነህ አለች በልቧ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣላትም።

«ክቡር ዳኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመፍረድዎ በፊት የምናገረው አለኝ።»

ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ማን እንደተናገረ ፈልጎ ግራ ቀኝ አየ።

«ጸሐፊ በችሎት አይናገርም» አሉ ዳኛው።

«አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት አልተናገርኩም።»

ዐቃቤ ሕጉ ብድግ ብሎ ተቃወመ። ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡትና ወደ እሷ ዞሩ። «የሚናገሩት በራስዎ ላይ ሊመጣ እንደሚችል ያውቃሉ?»

«አዎ፤ ይመጣል።»

መጽሐፍ ቅዱስ ቀረበላት፤ ማለች። ከዚያ አንድ ነገር ተረሳ፤ እሷ ከተናገረች የሚጽፍ የለም። ሬጅስትራሩ ተጠራ። በወንበሯ ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት ጣቱ፣ ዶሮ እህል እንደምትለቅም እየለቀመ ጻፈ። እሷም አንዱንም አላስቀረችም፤ መብራቱን፣ እርሳሱን፣ ነጥቧን፣ «ይብራራ» ልትል አፏን ከፍታ መዝጋቷን፣ ደብተሩን ቤት መውሰዷን። ቤት መውሰዷ ላይ ስትደርስ ሬጅስትራሩ ጣቱን አንሥቶ በዓይኑ ለመናት። ደገመችለት።

«ነጥቧን ትናንት ማታ አለመጨመርዎን በምን እናውቃለን?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ሌላውን ገጽ ይዩት።»

ዳኛው ደብተሩን ተቀብለው ገለጡ። በየገጹ ነጥብ ነው። የከሳሽ ምስክር ሳይል፣ የተከሳሽ ሳይል፣ ከሚጠብቀው ፊደል ሁሉ በላይ አንድ አንድ ነጥብ አለ፤ በመቶ የሚቆጠር። ወረቀቱን ሲያገላብጡ ጀርባውን ደግሞ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡት። «መድኃኒትዎን ዋጡ?… ሾርባው ትኩስ ነው፤ ቀስ ብለው ይጠጡ።» ሰው ሳቀ። «ዛሬ እዘገያለሁ፤ አይጨነቁ።» ይኼ ሲነበብ ሳቁ ቆመ። ዳኛው ቀን የሌለበት ጽሑፍ የዛሬ መሆኑን እንዴት እንዳወቁ እንጃ፣ ብቻ አወቁ።

ደብተሩን መለሱላት። «የምስክሩን ቃል እንደሰሙት ያንብቡልን።»

አነበበች። «ከመስኮቴ ቆሜ ጫኙ ሲመታ አየሁ።» «መ» ላይ ከንፈሯን ገጥማ ቆየች፤ ከዚያ ለቀቀችው። ጫኙ እስከዚያ ድረስ ቆሞ ነበር። አሁን ተቀመጠ፤ የተጣመመውን አንጓውን በደህናው እጁ ይዞ ማልቀስ ጀመረ። ሚስቱ አላለቀሰችም፤ እትዬ ጣትን ብቻ አፍጥጣ ታያታለች።

ሬጅስትራሩ ጽፎ ጽፎ እዚያች ቃል ላይ ቆመ። ቀና አለ።

«ክቡር ዳኛ… ይኼን እንዴት ብዬ ልጻፈው?»

«እሳቸው እንደጻፉት።»

ወረቀቱ ታተመ። ሬጅስትራሩ የእሷን እርሳስ ተውሶ ከ«መ» አናት ላይ አንዲት ነጥብ አኖረ። ዳኛው ከነጥቧ ጎን ፈረሙበትና ፍርዱን ለዓርብ አዛወሩት።

ዓርብ ጫኙ በነፃ ተሰናበተ። እሷ አላየችም። ሐሙስ ጠዋት ከሥራ የታገደችበት ደብዳቤ ደርሷታል፤ ቤቱን በሠላሳ ቀን ልቀቂ የሚለውም አብሮት። ደብዳቤዎቹን የጻፈው ሰው አንድ ቃል ተሳስቷል፤ አይታው ዝም አለች፤ ያ እንኳ የራሷ ጉዳይ ነው። ተጸጸተችም እንዳልል፣ ደስ አላትም እንዳልል፤ እግሯ ብቻ ከዚያ ቤት እዚህ ቤት ሲንከራተት ሰነበተ። ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተገኘች። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ነው።

ዕቃ በሚጫንበት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጫኙ ነው። «እናቴ፣ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም፤ ትከሻ ነው ያለኝ» አለ፤ መልስ ሳይጠብቅ ቁም ሣጥኑን በጀርባው አንሥቶ ደረጃውን ወረደ። ተመልሶ ያን የሚንገዳገድ የራስጌ ጠረጴዛ ሲያነሣ አባቷ አልጋቸው ላይ ቀና አሉ።

«ማነው ይኼ? ለምንድን ነው የምንወጣው?» ብለው ጮኹ። «ምን ብለሽ ነው ያባረሩሽ?»

ልትጽፍላቸው እጇን ሰደደች፤ ደብተር የለም። አሥሩንም ይዛ ሄዳ አስረክባለች፤ አሥራ አንደኛው ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ የአባቷን ጣት ይዛ ከንፈሯ ላይ አኖረችና «ሲመታ» አለች።

አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ድገሚው።»

ደገመችው። ከንፈሯ ከጣታቸው ሥር ገጥሞ ቆየ፤ ከዚያ ተከፈተ። ጫኙ ጠረጴዛውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጠብቋል» አሉ አባቷ። «ቀጥዪ።»